ምዕራፍ 7፦ መንጋው የት አደረ?

ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ገና በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ከጅቡቲ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ድሬዳዋ ለማረፍ ሲያዘቀዝቅ የአንበጣ መንጋ መሀል ገባ። አንበጣው ሞተሩ ውስጥ ተማገደ፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ተደፈጠጠ፣ የአብራሪዎቹን መስተዋት ደፈነው። የመስተዋት መጥረጊያውም ሊያጸዳው አልቻለም። ለማረፍ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልሆነም፤ አውሮፕላኑ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ በሰላም አረፈ።

ዜናው የአውሮፕላኑ ነበር። በአንበጣ መከላከል ሥራ የኖረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ መንጋው ማታ የት አድሮ ነበር? የዚህ ጥያቄ መልስ በሰዓቱ ለሚመለከተው ሰው ከደረሰ መንጋው ከተኛበት ሳይነሣ መድኃኒት ይረጭበታል። ካልደረሰ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የዚያን ቀን ምሳውን በማን ማሳ ላይ እንደሚበላ ነፋሱ ብቻ ያውቃል። መልሱ ከኦጋዴን ሜዳ፣ ከሐረርጌ ሸንተረር ጀርባ ተነሥቶ ሐረርና ድሬዳዋ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚደርስበት መንገድ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው። መንገዱ ሬዲዮ ነው፤ ያውም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚመለስ ሬዲዮ።

ከላይ የሚያይ፣ ከታች የሚሠራ

ከአውሮፕላን ላይ እያዩ የታችን ሰው በሬዲዮ መምራት የቆየ ሙያ ነው። በጣም የታወቀው በዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ ነው። በአሜሪካ፣ በቼሳፒክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤዎች ሜንሃደን የሚባለውን ዘይታማ ዓሣ የሚያጠምዱ ኩባንያዎች ትንንሽ አውሮፕላኖችን ያሰማራሉ። ተጠጋግቶ የሚዋኝ የዓሣ መንጋ ከመርከብ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ከውሃው ብዙም አይለይም፤ ከላይ ለሚያይ አብራሪ ግን የደመና ጥላ መስሎ ይታያል። አብራሪው ከበላዩ እየዞረ ሁለቱን የመረብ ጀልባዎች በድምፅ ይመራቸዋል፤ ወዴት እንደሚቀዝፉ፣ መቼ እንደሚከቡ፣ መረቡን መቼ እንደሚዘጉ ይነግራቸዋል። ዓሣ ገንዘብ ስለሆነ በዚህ ሥራ ሬዲዮ ምስጢር ይወዳል። ተፎካካሪው ጆሮውን ጥዶ ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ቦታውን በጋራ በሚያውቁት ቃል መሸፈን የተለመደ ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ ከላይ ሆኖ የሚፈለግ መንጋ ግን አለን። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በአካባቢው አገሮች ስምምነት ሲቋቋም፣ ዋናው መሣሪያው አሳሽና ረጪ አውሮፕላን፣ ከዚያም እነዚህን ከምድር ቡድን ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ጣቢያ አለው። ድሬዳዋ የተመረጠችበትን ምክንያት ለመረዳት ካርታ ማየት ይበቃል፤ ከኦጋዴን ወደ ደጋው፣ ከሰሜን ሶማሊያና ከአፋር ወደ ሐረርጌ የሚነፍሰው ነፋስ የሚገናኝበት አካባቢ ነው። ደግሞም በዚህ ሥራ ምስጢር የለም። መንጋው ያለበትን ስፍራ ማንም ቢሰማው ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

መንጋው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል። እያንዳንዱ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። ተደምሮ ሲታይ ያ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ይጨርሳል። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የወደመው እህል 167 ሺህ ቶን ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚቀልብ። በ2019 እና 2020 የመጣው ደግሞ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። መነሻው በ2018 በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት በረሃ ላይ ሁለት አውሎ ነፋሶች ያወረዱት ዝናብ ነው፤ አሸዋው ለመለመ፣ አንበጣው ሰው በማይደርስበት ስፍራ ተራባ፣ በየመን በኩል ቀይ ባሕርን ተሻገረ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላው ደርሶ ለማጨድ ሲዘጋጅ ነበር የደረሰበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ ጅራፍ የሚያጮሁ ወንዶች፣ ጀሪካን የሚደበድቡ ልጆች፣ ነጠላ የሚያራግቡ እናቶች። ጩኸቱ መንጋውን ከአንዱ ማሳ ያስነሣዋል፣ በጎረቤት ማሳ ላይ ያሳርፈዋል።

አሁን ወደ ሬዲዮው የሚያደርሰንን ነገር እንያዝ። አንበጣ የሰዓት ሰው ነው። ማታ ቁጥቋጦና ዛፍ ላይ ሰፍሮ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ ሰውነቱ እስኪሞቅ ድረስ አይበርም፤ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጠዋት 2 እና 3 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ተከትሎ ይበራል፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይሰፍራል። ስለዚህ መድኃኒት ለመርጨት የሚመቸው ከንጋት አንሥቶ መንጋው እስኪነሣ ያለው ጊዜ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ብትሆን ነው። በዚያች ጊዜ ረጪው አውሮፕላን ከመንጋው በላይ እንዲገኝ፣ መንጋው የሰፈረበት ቦታ ከመሸ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ጣቢያው መድረስ አለበት። አሳሹ አውሮፕላን ይህን አያደርስም፤ እሱ ሳይጨልም ማረፍ አለበት። መንጋው ሲሰፍር ዓይኑን ሳይነቅል የሚያየው በመኪና የሚከተለው የምድር ቡድን ነው።

በመሆኑም ሥራው ሁለት ዓይነት ንግግር ይፈልጋል፦ ቀን ላይ ከአውሮፕላን ወደ መኪና፣ ማታ ከመኪና ወደ ጣቢያ። ሁለቱ የሚነጋገሩት በአንድ ዓይነት ሬዲዮ አይደለም። የምዕራፉ ቁም ነገር ይህ ልዩነት ነው።

ደንገጎ ላይ የሚቆረጠው ድምፅ

በምዕራፍ 3 የሬዲዮ ሞገድ ከብርሃን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን አይተናል። ልዩነታቸው ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢርገበገብ አንድ ሜጋ ኸርዝ እንለዋለን። አብራሪዎች የሚነጋገሩበት ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል ነው። በባለሙያ አጠራር ቪ ኤች ኤፍ ይባላል፤ ፖሊስና የጥበቃ ሠራተኛ በእጁ የሚይዛቸው ብዙዎቹ ሬዲዮዎችም በዚሁ ሰፊ ክልል ውስጥ ይሠራሉ። የዚህ ሞገድ ጠባይ ቀጥተኛ ነው፤ እንደ ብርሃን በቀጥታ ይሄዳል። ተራራ ከከለለው ይቆማል፤ መሬት ስትጎብጥም ብዙም አብሮ አይጎብጥም።

እንግዲህ ርቀቱን የሚወስነው ከፍታ ነው። ሜዳ ላይ ሬዲዮውን በእጁ ይዞ የቆመ ሰው የሚያየው አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ300 ሜትር ከፍታ የሚበር አሳሽ አውሮፕላን ግን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን በሬዲዮ «ያያል»፤ 1000 ሜትር ቢወጣ 130 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መድኃኒት ሊረጭ ወደ 10 ሜትር ዝቅ ሲል ይኸው አውሮፕላን 13 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ሥራው ሲጀመር ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው እንጂ ሬዲዮው ተበላሽቶ አይደለም።

ይህ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሐረርጌ ግን ሜዳ አይደለም። ሐረር 1885 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ድሬዳዋ ከ1200 ሜትር ብዙም አትርቅም። በመሀላቸው በአየር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሁሉ ምን እንዳለ ያውቃል። ከድሬዳዋ ሜዳ በላይ በ300 ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰማይ ላይ እያለ ከሐረር ገበያ በታች ነው! በሐረር ጀጎል በር ላይ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ የሚጠራውን ሰው የሚሰማበት ምክንያት የለም። በምዕራብ ጋራ ሙለታ 3381 ሜትር ቆሟል፤ በምሥራቅ ቁንዱዶ አለ። የሞባይል ኩባንያ ይህን ችግር በየጋራው ጫፍ ማማ በማቆም ይፈታዋል፤ ባለፈው ምዕራፍ ያየነው ነው። አንበጣ ግን ማማ ያለበትን መርጦ አያድርም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ፤ ለሥራው ሰው ብዙ ራስ ምታት ያመጣል። የምድር ቡድኑ የያዘው ተራ የእጅ ሬዲዮ አውሮፕላኑ ከራሱ በላይ እያንዣበበ እንኳ አብራሪውን ላያናግር ይችላል። ሁለቱ ድምፁን ሞገዱ ላይ የሚጭኑበት መንገድ ይለያያል። ተራው ሬዲዮ ኤፍ ኤም ነው፤ አቪዬሽን ግን እስከ ዛሬ ኤ ኤምን አልተወም። ወግ አጥባቂነት ብቻ አይደለም። በኤፍ ኤም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢናገር ጠንካራው ደካማውን ውጦ ያጠፋዋል፣ ሌላ ሰው እየተናገረ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። በኤ ኤም ግን ሁለቱም ተደራርበው ፉጨት ይሰማል፤ የበረራ ተቆጣጣሪው አንድ ሌላ አውሮፕላን እየጠራው እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ የምድር ቡድኑ የአቪዬሽን ሬዲዮ በተጨማሪ መያዝ አለበት። ካልያዘ በጭስና በመስተዋት ነጸብራቅ ምልክት መስጠት ነው፤ እሱም ይሠራል።

በግንቡ ላይ የተወረወረ ኳስ

ጀጎል ውስጥ ግቢዎች በድንጋይ ግንብ ተከልለው ጎን ለጎን ተያይዘዋል። አንድ ልጅ በግቢው ሆኖ ለጎረቤቱ ልጅ ኳስ መስጠት ቢፈልግ ሦስት ምርጫ አለው። አግድም ከወረወረው ግንቡ ይመልሰዋል። ከግንቡ በላይ አሻግሮ በርቀት ከወረወረው የጎረቤቱን ግቢ አልፎ ሦስተኛው መንደር ይወድቃል። ሽቅብ፣ ከራሱ በላይ ጥቂት ዘንበል አድርጎ ከወረወረው ግን ኳሱ ወጥቶ ይመለስና ከግንቡ ማዶ ይወርዳል። ግንቡ ምን ያህል እንደረዘመ ለዚህ ውርወራ ግድ አይሰጠውም።

የመጀመሪያው ውርወራ ቪ ኤች ኤፍ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚቻሉት ኤች ኤፍ በሚባለው፣ ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ነው። የሬዲዮ ሰዎች አጭር ሞገድ ይሉታል።

ኳሱን የመሬት ስበት ይመልሰዋል። ሞገዱን የሚመልሰው ምንድን ነው? ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ እጅግ ስስ ነው። የፀሐይ ኃይለኛ ብርሃን እዚያ ያሉትን አተሞች ይመታና ኤሌክትሮኖቻቸውን ይነጥቃቸዋል። እነዚህ የተፈቱ ኤሌክትሮኖች ሞገዱ ሲደርስ አብረው ይርገበገባሉ፤ በዚህም ሞገዱን ቀስ በቀስ ያጎብጡታል፣ እስኪመለስ ድረስ። ይህ ክልል አዮኖስፌር ይባላል። ለእኛ ሥራ ዋናው 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ንብርብር ነው። ኳሱ በጣም በኃይል ቢወረወር ስበትን አምልጦ ይሄድ ነበር፤ ሞገዱም ርግብግቢቱ ከልክ በላይ ከፈጠነ ኤሌክትሮኖቹን በስቶ ወደ ጠፈር ያመልጣል። 120 ሜጋ ኸርዝ ያመልጣል። 5 ወይም 7 ሜጋ ኸርዝ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

ዕድሜው የገፋ አንባቢ ሁለተኛውን ውርወራ በጆሮው ያውቀዋል። ሐረር ተቀምጦ የዋሽንግተንንና የኮለኝን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ማዳመጥ ይቻል ነበር። ድምፁ አህጉር አቋርጦ ይመጣል፤ ከማሠራጫው 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ግን ያንኑ ጣቢያ ላይሰማው ይችላል፤ ሞገዱ ከራሱ በላይ ዘሎ አልፎታልና።

በመኪና የሚዞረው የአንበጣ ቡድን ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ላንድክሩዘር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም የጅራፍ አንቴና ሞገዱን ዝቅ አድርጎ ወደ አድማስ ይወረውራል። ደገሃቡር አካባቢ ካለ መኪና እንዲህ የተላከ ድምፅ፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚርቃትን ሐረርን ዘሎ ሌላ አገር ሊወርድ ይችላል። ኦፕሬተሩ ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ ያ ሁሉ ኃይል ግን በደንብ እየሠራ ነው፣ ለማይፈለግ ሰው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናውን ማቆም፣ የጅራፉን ጫፍ በገመድ ጎትቶ እስኪጋደም ድረስ ማጉበጥና ከመኪናው ጋር ማሰር። የበለጠ የሚሆነው ደግሞ ሽቦ መዘርጋት ነው፤ ለ7 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ከመሀሉ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት ግራር ላይ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብለው ይታሰራሉ። አንቴና ከፍ ሲል ይሻላል የሚለው ልማዳችን እዚህ አይሠራም፤ ለመሬት ቅርብ የሆነ አግዳሚ ሽቦ ሞገዱን ሽቅብ ይልካል፣ የምንፈልገውም ያንን ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ለመሻገር ድምፁ 300 ኪሎ ሜትር ወጥቶ 300 ይወርዳል፤ በጠቅላላው 600። ይህን ለመጨረስ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ሁለቱ ይበቃዋል። ደንገጎም ጋራ ሙለታም አያስቆሙትም፤ ከላያቸው ነው የሚወርደው። ውርወራው ጥቂት ዘንበል ሲል ደግሞ በአየር 370 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አዲስ አበባ ትሰማለች። በምዕራፍ 5 ያነሣነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦና በሺህ የሚቆጠር ምሰሶ ጠይቋል። የዚህኛው ሽቦ 20 ሜትር ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሚለወጠው ሰማይ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰማዩ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቆይ ያስመስላል። አይቆይም። ኤሌክትሮኖቹን የምትፈታው ፀሐይ ናት፤ ስትጠልቅ ኤሌክትሮኖቹ ተመልሰው ከአተሞቹ ጋር ይጋባሉ። እኩለ ቀን ላይ 8 ሜጋ ኸርዝን አጉብጦ ይመልስ የነበረው ሰማይ ሌሊት 5ን እንኳ ሊለቅ ይችላል። እንግዲያስ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን ብንጠቀምስ? ቀን ላይ ሌላ እንቅፋት አለ። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አየሩ ወፈር በሚልበት፣ በቀን ብቻ የሚኖር ሌላ ንብርብር አለ። እሱ ሞገድ አይመልስም፣ ይውጣል፤ በተለይ ዝቅ ያለውን። 3 እና 4 ሜጋ ኸርዝ ቀን ላይ እዚያው ይቀልጣሉ። ሲመሽ ይህ ንብርብር ቶሎ ይጠፋል።

ስለዚህ የኤች ኤፍ ሰው ሕግ አጭር ነው፦ ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ። ቀን ላይ 7 አካባቢ፣ ሌሊት ከ3 እስከ 5። ሁለት ሞገድ ያልተመደበለት ቡድን ግማሽ ቀን ዲዳ ነው።

አሁን የአንበጣውን ሰዓትና የሰማዩን ሰዓት አንድ ላይ አስቀምጡ። መንጋው የሚሰፍረው ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። የቀኑ ሞገድ የሚደክመው፣ የሌሊቱ ገና ያልጠናው በዚያው ሰዓት ነው። ሁለቱም ፀሐይን ነው የሚከተሉት፤ አጋጣሚ አይደለም። ከቀኑ መልእክት ሁሉ የሚያስፈልገው አንዱ፣ ለመላክ ከሁሉ በሚከብደው ሰዓት ላይ ይወድቃል። ቡድኖች ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ አንድ የታወቀ የቀጠሮ ሰዓት የሚይዙበት፣ በመጀመሪያው ሞገድ ካልተሰማሙ ሳይጠያየቁ ወደ ሁለተኛው የሚዛወሩበት ልማድ ከዚህ የመጣ ነው። በእኔ አስተያየት ከውድ መሣሪያ ይልቅ ይህ ቀጠሮ ይበልጣል።

ኢትዮጵያ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኮምፓስ ሚዛን ላይ የምትቆምበት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የማታዘነብልበት የመግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ከሰማዩ ንብርብር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲቋቋም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህንን መለካት ነበር፤ ለዚህ ሥራ ዕድለኛ ስፍራ ላይ ነው የተቀመጠው። ለሬዲዮ ሰው ግን ዕድል አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከላይ ያለው ንብርብር ሽቅብ ይነሣና አንዳንድ ምሽት እንደሚፈላ ድስት ይቦጫረቃል፤ ድምፁ ይርገበገባል፣ ይንተባተባል። ይህ የሚበዛው ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ወራት፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ ደግሞም ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ነው።

ፀሐይ 11 ዓመት ያህል በሚፈጅ ዑደት ትነቃለች፣ ትተኛለች። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ከዑደቱ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ነበረች። ያ አንበጣው ሐረርጌን የወረረበት ወቅት ነው። ምሽቱ ብዙም ባይቦጫረቅም ሰማዩ የሚይዘው ኤሌክትሮን ያነሰ ነበር፤ ሌሊት የሚሠራው ሞገድ ወደ ታች ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014፣ ፀሐይ ንቁ በነበረችበት ጊዜ የተጻፈ የሞገድ ሰንጠረዥ ይዞ የወጣ ቡድን ቢኖር ማታ ላይ መቸገሩ አይቀርም ነበር።

ሠላሳ ወይስ ስልሳ?

ሞገዱ ደረሰ እንበል። ቃሉ ደረሰ ማለት አይደለም። በኤች ኤፍ የሚላክ ድምፅ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ተቆርጦ ይላካል፤ ከሰው ድምፅ ውስጥ ከ300 እስከ 3000 ኸርዝ የሚጠጋው ብቻ ይቀራል። ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይታጨዳል። «ሰ» እና «ፈ» የሚለዩበት ፉጨት በአብዛኛው ከላይ ያለው ነው። የቀረው በሿሿታ ውስጥ ተነክሮ ይደርሳል።

አንድ የምድር ቡድን ከሐረር ምሥራቅ፣ በኤረር ሸለቆ ውስጥ ሆኖ መንጋው የሰፈረበትን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይናገራል እንበል። «ዘጠኝ ነጥብ ሠላሳ» ይላል። ጣቢያው «ዘጠኝ ነጥብ ስልሳ» ብሎ ይጽፋል። ሠላሳና ስልሳ በንጹሕ ስልክ ላይ እንኳ ይምታታሉ፤ ባንክ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በካርታ ላይ ልዩነቱ 33 ኪሎ ሜትር ነው። 9.3 የሐረር ኬክሮስ ነው፤ 9.6 የድሬዳዋ። ረጪው አውሮፕላን ንጋት ላይ ከሸንተረሩ በተሳሳተው ወገን ባዶ ቁጥቋጦ ላይ ሲዞር፣ መንጋው በዚህ በኩል ክንፉን እያሞቀ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያለው ኦፕሬተር አሥር ቤት አይናገርም። «ዘጠኝ፣ ነጥብ፣ ሦስት፣ ዜሮ» ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። ጣቢያው መልሶ ያነብለታል። ከቁጥሩ በኋላ የአካባቢውን ስም ያክልበታል፤ ቁጥሩና ስሙ ካልተስማሙ አንዱ ስሕተት ነው። ከዚያ የመንጋው ስፋት፣ ዕድሜው፣ የሰፈረበት ዛፍ፣ በአቅራቢያው ንብና ከብት መኖሩ ይነገራል። የመጨረሻው እንደ ተጨማሪ ነገር ይቆጠራል፤ ግን መድኃኒት የሚረጭበት ቦታ ላይ ቀፎ የሰቀለ ሰው እንዲነገረው ካልተደረገ ማርም ንብም አይተርፈውም።

ስልኩ ከመጣ ወዲህ

ዛሬ ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ኢሎከስት የሚባል መሣሪያ ለአሳሽ ቡድኖች ሲያድል ቆይቷል፤ ቦታውን ራሱ ከሳተላይት ያነብባል፣ መረጃውንም በሳተላይት ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአንበጣው ወረርሽኝ ሲበረታ በተራ ዘመናይ ስልክ ላይ የሚሠራ ዓይነቱ ወጣ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ሠላሳና ስልሳ አይምታቱም።

ኤች ኤፍ ግን አንድ ነገር ይበልጣል። መልእክቱ ለአንድ ሰው አይደለም። ኤረር ሸለቆ ያለው መኪና ሲናገር ጅጅጋ ያለውም፣ ድሬዳዋ ያለውም፣ መንገድ ላይ ያለ ሌላ ቡድንም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ «እኔም ከሰዓት በኋላ ያንኑ መንጋ በዚህ በኩል አይቼዋለሁ» ብሎ ይገባበታል። አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ ሳይቆጠር ይቀራል። ማማ አይፈልግም፣ የአየር ሰዓት አይሞላበትም። የቴክኒክ ፍላጎት ያለው አንባቢ ይህን ሙያ በሰላም ጊዜ ሊያየው ቢፈልግ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር «ኢቲ 3 ኤኤ» በሚል መጠሪያ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ጣቢያ አለው፤ ተማሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ ጋር የሚነጋገሩት ከላይ በገለጽነው ሰማይ በኩል ነው።

ሳተላይቱ ይህን ሰማይ ለምን አይፈልገውም? እንዲያውም ሞገዱ ሳይመለስ በስቶ እንዲያልፍ ነው የሚፈልገው። ስለዚህም ከ1000 ሜጋ ኸርዝ በላይ ይሠራል። ሆኖም ምሽት ላይ የሚቦጫረቀው ንብርብር እሱንም አይለቀውም፤ የቦታ መጠቆሚያ መሣሪያችን በመግነጢስ ወገብ አካባቢ አንዳንድ ማታ ለምን እንደሚስት በምዕራፍ 8 እንመለከታለን።